የዘጋኋት ቀጭን ቱቦ

አባቴ አንድ ጊዜ ጉልበቴን ስመውኛል። ልብ በሉ፤ እኔ የእሳቸውን አይደለም፤ እሳቸው የኔን ነው የሳሙት። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ሞተሩም፣ ጢሱም፣ ድንኳኑም፣ እዚያ እንዴት እንደ ደረስን ለማስረዳት ያህል ነው። ከዚህ በፊት ልጽፈው ሞክሬ ገጹ ሳያልቅ ራሴን ደኅና ሰው አድርጌ ሳገኘው ቀዳድጄ ጥዬዋለሁ። አሁን ሳላሽሞነሙን ልናገር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ባሕር ዳር የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ማሽን ሲታመም ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሡና ብረቱን ከማሽኑ ሆድ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ከጆሯቸው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትንሽ ቆይተው «ከግራ ሁለተኛው ኩሽኔታ ነው» ይላሉ። ማሽኑ ይፈታል። የተበላው ከግራ ሁለተኛው ኩሽኔታ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰፈሩ አላስቀመጣቸውም። ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን በር ላይ ካውያ፣ የውሃ መሳቢያ፣ የልብስ ስፌት መኪና ይዞ የሚቆም ሰው አይጠፋም ነበር። «ጆሮዎትን ያውሱን» ነበር የሚሏቸው። እሳቸውም ምርቃቱን ተቀብለው፣ ሳጥናቸውን ከፍተው፣ ጆሯቸውን ያውሳሉ።

እኔንም ያሳደጉኝ በዚያው ጆሮ ነው። ገና ፊደል ሳልጨርስ ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አድርገው «ምን ትልሻለች?» ይሉኝ ነበር። ሌሎች ልጆች ተረት ሲሰሙ እኔ የወፍጮ ቤት ሞተር ሰማሁ። በመጨረሻ የመኪና ጥገና ተምሬ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ አስተማሪ ሆንሁ። አባቴ ለአገር ምድሩ «ልጄ አስተማሪ ናት፤ ያውም የሞተር!» ሲሉ ደረታቸው ይነፋል። እኔ ደግሞ ሴት መካኒክ በመሆኔ ገና ሰው ሳይናገረኝ የምቆጣ ነበርሁ። ምላሴ የተሳለ ነው፤ አልክድም። ሰው ሲስቅ ካየሁ በኔ ነው የሚመስለኝ።

የአባቴ መኪና ትንሽ ናት፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ዕድሜዋ ከኔ የሚበልጥ፣ አምስተኛ ሰው ከገባባት ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ የሚሄድባት። ሞተሯ ተሰንጥቆ ሁለት ክረምት ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቆማ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን በመራዊ መንገድ ላይ ወዳለ ጋራዥ ጎራ ብዬ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ጥሎት የሄደ ባለ ሁለት በር መኪና አየሁ። ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። ኮፈኑን ከፍቼ ባየው ሮታሪ ሞተር ነው! በመጽሐፍና በስልክ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለ ጋራዡ «ይህ የተረገመ ነገር ምን እንደ ሆነ የገባው ሰው የለም፤ ውሰጂልኝ» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኞቹ የመኪና ኤሌክትሪክ ላስተምርለት ተስማማንና ሞተሩን ከነካምቢዮው በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤት ይዤ ገባሁ።

ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። በተለመደው ሞተር ውስጥ ፒስቶን ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ሮታሪ ፒስቶን የሚባል ነገር የለውም። ጎኖቹ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት በአንድ ቤት ውስጥ ይዞራል፤ በቃ። በሦስቱ ጫፎች ላይ ጣት የሚያህሉ ቀጫጭን ብረቶች ተሰክተዋል፤ እነሱ ግድግዳውን እየታከኩ እሳቱ እንዳያመልጥ ይዘጋሉ። ሲታከኩ የሚውሉ ስለ ሆኑ ዘይት ካላገኙ ያልቃሉ። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ቀጭን ቱቦ አበጅተውለታል፤ በዚያች ቱቦ ጥቂት ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይገባና አብሮ ይቃጠላል። ያችን ቱቦ አስታውሱልኝ።

ሥራው አንድ በጋ ፈጀ። ሞተሩን በሰንሰለት ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለን፣ መኪናዋን ከሥሩ እየገፋን አስገባን። ማቀፊያው አልገጥም ሲል አባቴ ብረት ቆርጠው፣ ሞርደው፣ እንደገና ሞርደው አስገጠሙት። «ልብስ እየለካን ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ። «ይህ ከልብስ ይብሳል፤ ሙሽራው ተቀምጦ እንቢ ይላል» ይሉኛል። እናቴ ምሳ ይዛ መጥታ ሁለታችንም ከመኪናዋ ሥር እግራችን ብቻ ወጥቶ ስታይ «የትኛው እግር ነው የባሌ?» ብላ ትስቃለች። በሕይወቴ እንደዚያ በጋ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የንብ ቀፎ የተነካ መሰለ፤ እናቴ እልል አለች፤ አባቴ ካቻቢቴውን አስደግፈው ሰሙና «ይህ ሞተር አይረግጥም፤ ይዘፍናል» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ጢሱ መጣ።

ሞተሩ አሮጌ ስለ ሆነ፣ ዘይትም ስለሚያቃጥል፣ ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ይለቃል። ብዙ አይደለም። ለኔ ግን ከተማውን የሸፈነ ይመስለኝ ነበር። ኮሌጁ በር ላይ ባልደረቦቼ «ዛሬ ሽሮ ነው ዶሮ?» ይሉኛል። የባጃጅ ሾፌሮች «እህት፣ ወጡ አረረብሽ!» ብለው ያልፋሉ። ወንድ ቢሆን ኖሮ «ሞተሩ ዘይት ያነሣል» ብለው ያልፉ ነበር፤ ለኔ ሲሆን ወጥ ቤት ነው። ደሜ ፈላ። አባቴን «ይህችን የዘይት ቱቦ ብዘጋትስ?» አልኋቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩኝና «የሠራው ሰው ያለ ነገር ቱቦ አይሠራም። ተያት። ሰው ሲስቅ ይደክመዋል» አሉኝ።

ዘጋኋት። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት እሁድ፣ በብሎን ጥርቅም አድርጌ ዘጋኋት። ጢሱ ጠፋ። አባቴ ሲመለሱ ኮፈኑን ዞር ዞር ብለው አዩና «እንዴት አደረግሽው?» አሉ። «ካርቡራተሩን አስተካከልሁት» አልኋቸው። «እሰይ የኔ ልጅ! እኔ እኮ አልታየኝም ነበር» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። ትንሽ ነው ብዬ ነበር።

ሞተሩን ግን መግደል አልፈለግሁም፤ ያን ያህል ደንቆሮ አይደለሁም። ሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ፤ ሙስሊም ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። የጀልባ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚቀዳለት። ወደ እሳቸው ሄጄ የሚቀላቀለውን ዘይት ጠየቅኋቸው። ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ ነገርኋቸው። «ቱቦዋን ከዘጋሽ እንግዲህ ቱቦዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አንድ ቀን ብትረሺ ብረት ብረትን ይበላዋል። ለአባትሽ ነግረሻል?» «እነግራቸዋለሁ ጋሼ» አልሁ። «ንገሪያቸው። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነው ያለው፤ ወላሂ ንገሪያቸው» አሉኝ።

አልነገርሁም። ብነግር ቱቦዋን መዝጋቴን ማመን ነው፤ ቱቦዋን መዝጋቴን ካመንሁ ካርቡራተሩ ውሸት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አባቴ ሳያዩ፣ በውሃ ፕላስቲክ የያዝሁትን ዘይት የቤንዚን መያዣው ሰልባትዮ ውስጥ እጨምር ነበር። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አባቴ መኪና ላይ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ። ጉድ እኮ ነው!

በኋላ ኮሌጁ ሠልጣኞችን ለልምምድ መራዊ ሲልክ እኔን አብሮ ላከኝ። ስድስት ሳምንት። ያን ጊዜ ቤንዚን ከከተማው ጠፍቶ ነበርና «መኪናዋ ትቆማለች፤ እስክመለስ ምንም አትሆንም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች። «አባትሽ ሁለት ቀን ተሰልፈው ሰልባትዮውን ሞልተው መጡ! አሁን የሰፈሩን አሮጊት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ያመላልሳሉ፤ የደስታቸው ነገር!» አለችኝ። ስልኩን ስጪልኝ ብዬ አንዲት ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። አንዲት ነገር። «ጎበዝ ናቸው!» ብዬ ዘጋሁት። እሁድ እሄዳለሁ አልሁ፤ እሁድ ሥራ አለብኝ አልሁ። ያ ስድስት ሳምንት እሁድ የሚባል አልነበረውም መሰለኝ። አሁን ሳስበው መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሄጄ ሲያዩኝ ዘይት መጨመር ስለማይመቸኝ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ጎረቤታችን ዐረፉ። እድሩ ድንኳን ሊጥል ሲመጣ ቦታው ጠበበና አባቴ መኪናቸውን አስነሥተው ዐሥር ርምጃ ያህል ፈቀቅ አድርገው አጠፏት። እኔ በማግስቱ ለለቅሶ መጣሁ። ድንኳኑ ሞልቷል። ያ የጀልባው ሽማግሌም መጥተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከይፋግ የመጡት የሟች እኅት ሲያለቅሱ ቆይተው ድንገት ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሰው ተንጫጫ። አባቴ «መኪና አለን! መኪና አለን!» እያሉ ሮጡ። ቁልፉን አዞሩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፤ ሞተሩ አይነሣም። ደግመው ሞከሩ። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። በመጨረሻ ሴትዮዋን በባጃጅ ወሰዷቸው፤ ደኅና ሆነው ተመለሱ። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ግን ዓይኑ መኪናዋ ላይ ቀረ። አንዱ ከኋላ «አስተማሪዋ መጥታለች አይደል? እስቲ ትየው» አለ።

ኮፈኑን ከፈትሁ። «አባባ፣ አስነሡ» አልኋቸው። ሞተሪኖው ዞረ።

ጤነኛ ሮታሪ ሲዞር ትንፋሹ እኩል እኩል ነው፤ ሹፍ፣ ሹፍ፣ ሹፍ። የኔው ባዶውን ይዞራል፤ የሚታፈን አየር የለውም፤ የተቀደደ ወናፍ ነው። ጆሮዬ ወዲያው ሰማ። ጫፎቹ አልቀዋል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ አሸተትሁት፤ በቤንዚን ርሷል፤ የዘይት ሽታ ግን ፈጽሞ የለውም። ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ሁሉንም በዚያች ቅጽበት ዐወቅሁ። ቀና ስል አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ያየኛል።

«አባባ፣ ምን ነካዎት?» አልሁ፤ ጮክ ብዬ፣ በለቅሶ ቤት። «ይህ ሞተር ሳይሞቅ ተነሥቶ አይጠፋም ብዬ ነግሬዎት አልነበረም? በቤንዚን አፍነው ገደሉት እኮ! ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው።»

መንገሩን ነግሬያቸው ነበር። ሮታሪ ቀዝቃዛውን ተነሥቶ ወዲያው ከጠፋ በቤንዚን ይታፈናል፤ እውነት ነው። ግን ካንዴላ ተወልውሎ፣ ደርቆ የሚድን ነገር ነው እንጂ ሞተር አይገድልም። ይህንንም ዐውቃለሁ። ውሸቴን ያቆምሁት በዚያች ቁራጭ እውነት ላይ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። «እርጅና ነው» ያልሁትን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ከራሴ ጨመርሁት።

አባቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልክ ነሽ ልጄ፤ ዘነጋሁት» አሉ። ከዚያ ለድንኳኑ ሰው ዞር ብለው «የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ» አሉ። አንድ ሰው ሳቀ። የጀልባው ሽማግሌ አልሳቁም። እኔን ብቻ አዩኝ፤ ዓይኔን ከሳቸው ላይ አነሣሁ።

ሌላ ጊዜ አባቴ በሌሉበት ሞተሩን ፈታሁት። ቀጫጭኖቹ ብረቶች ደርቀው፣ ተበልተው፣ ግማሹ ተሰባብሮ ነበር። ለቅሜ በቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ አልጋዬ ሥር ደበቅኋቸው። ለአባቴ «አይጠገንም» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ በራችን ላይ ካውያ ይዞ የመጣውን ሰው አባቴ «እኔ ተውሁ፤ ወደ ሌላ ሂድ» ሲሉት ሰማሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን በልብስ ስፌት የምትተዳደር ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ እንቢ ብሏት መጣች። «ጆሮዎትን ያውሱኝ» ብላ ለመነቻቸው። «ጆሮዬ አርጅቷል ልጄ፤ አበላሽብሻለሁ» ብለው መለሷት። እናቴ «ምን ሆኑ?» ብላ ተቆጣች፤ አልተመለሱም። አንድ ሐሙስ ደግሞ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከነረጅሙ ካቻቢቴ ተሸክመው ሄደው ለጀልባው ሽማግሌ ሰጥተውት መጡ። ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ሲገቡ አየኋቸው። ሁለት ዓመት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሁለት ዓመት በዚያ በረንዳ አልፌ፣ «ደኅና ዋሉ አባባ» እያልሁ፣ ሞተር ላስተምር ሄድሁ። ተማሪዎቼን «ሞተር አይዋሽም» እያልሁ! አፈር ልብላ።

አምና አባቴና እናቴ ሊቆርቡ ወሰኑ። በኛ ዘንድ ባልና ሚስት በስተርጅና እንዲህ ሲወስኑ ቀላል ነገር አይደለም። የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው «ያስቀየማችሁት ሰው ካለ ቂም ሳይኖር፣ ይቅር ተባብላችሁ ነው የምትቀርቡት» አሏቸው። ቀኑ እሁድ ተባለ። ረቡዕ ማታ ላይ እናቴ ጠራችኝና ሳሎን ገባሁ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አባቴ ቆመዋል።

«ልጄ» አሉኝ አባቴ፣ «እስቲ ማንን አስቀይሜያለሁ ብዬ ሳስብ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ያን ሁሉ ቅዳሜ የለፋሽበትን ሞተር በዝንጉነቴ ገደልሁብሽ። ሰው ፊት አሳፈርሁሽ። አንድም ቀን መልሰሽ አላነሣሽብኝም፤ ሆዴ ግን ያውቃል። ይቅር በይኝ።»

ሰው ፊት አሳፈርሁሽ አሉኝ። እኔን። ከዚያ ጎንበስ አሉ። ምን ሊያደርጉ እንደ ሆነ ሲገባኝ «ኧረ አባባ! ኧረ በፈጠረዎት!» ብዬ ትከሻቸውን ያዝሁ፤ ዘገየሁ። ጉልበቴን ሳሙት። ጺማቸው በቀሚሴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ለመንሁ፤ እውነቴን ነው። አፌ ግን ምን አለ? «ይቅር ብያለሁ አባባ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት» አለ። የንስሐ አባታችን «እሰይ፣ የተባረክሽ ልጅ» ብለው በመስቀሉ ባረኩኝ።

ሐሙስን አልበላሁም። ዓርብን አልተኛሁም። ያልሠሩትን ኀጢአት ተናዝዘው፣ የኔን ተሸክመው ሊቆርቡ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ውስጥ ሆና የሚቆርቡበትን ነጭ ልብስ ትተኩሳለች፤ አባቴ ማንጎው ሥር፣ ከሞተችው መኪና አጠገብ ተቀምጠዋል። ቆርቆሮውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ሄድሁ።

«አባባ፣ ሞተሩን የገደልሁት እኔ ነኝ።»

«ተዪው እንጂ ልጄ፤ ይቅር ተባባልን፤ አለቀ እኮ።»

«አላለቀም።» ብረቶቹን መዳፋቸው ላይ ዘረገፍኋቸው።

አንዱን አንሥተው በጥፍራቸው ጫፍ ጫፉን ዳሰሱት። ወደ ብርሃን አደረጉት። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጃቸው እንዲያ ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም። «ይህ ደርቆ ነው ያለቀው» አሉ ቀስ ብለው። «ዘይት አላገኘም።» ቱቦዋን ነገርኋቸው። ካርቡራተሩን፣ የውሃ ፕላስቲኩን፣ የእናቴን ስልክ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ስንት ጊዜ ያለ ዘይት ሄደ?»

«ስድስት ሳምንት።»

«ስድስት ሳምንት ቻለ? ጎበዝ ሞተር ነበር» አሉ። «ድንኳኑ ጋ ሞተሪኖው ሲዞር ሰምተሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቼ ነበር» አሉ አባቴ። «ጆሮዬ 'ትንፋሽ የለውም፤ አልቋል' አለኝ። አንቺ 'ታፈነ' ስትዪ ግን አስተማሪ ነሽ፣ አንቺን አመንሁ። እንግዲያው ጆሮዬ ሄዷል ማለት ነው አልሁ። እኔ ያስተማርሁሽን ጆሮ አንቺው ስትክጂው እንዴት ልጠርጥር?»

መሬት ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝሁ። «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። ደጋግሜ አልሁ። እሳቸው አላነሡኝም፤ አልገፉኝምም። ብረቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሱ።

«ያችን ልብስ ሰፊ ባዶ እጇን መለስኋት» አሉ። «ከዚያ የስፌት መኪናዋን ሸጠችው፤ ታውቂያለሽ? አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።» ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው እናቴን ጠሯት። የካውያው ሽታ ገና በእጇ ላይ ነበር። «ነገ አልቆርብም» አሏት።

«ምን ሆኑ? በስመ አብ!» አለች እናቴ።

«ትናንት ልቤ ንጹሕ ነበር። አሁን ተቆጥቻለሁ» አሉ። «በዚህች ልጅ ላይ ተቆጥቻለሁ፤ ይቅር ብያለሁ ብዬ በአፌ ብቻ መቅረብ አልችልም። እስኪወጣልኝ ልቆይ።»

ባልና ሚስት አብረው ነውና የሚቀርቡት እናቴም ቀረች። እሁድ ጠዋት ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ ሁለቱንም ቤት አገኛቸው። እናቴ «አሟቸው ነው» ስትል አባቴ «አላመመኝም» አሉ፤ ሌላ ነገር ግን አልተናገሩም። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ያዋረድኋቸው ሰው የኔን ጥፋት ለማንም አላወጡብኝም።

ያኑ ቀን ሐይቁ ዳር ሄድሁ። የጀልባው ሽማግሌ አንዱን ሞተር ፈታተው ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው አልገረማቸውም። ከኋላቸው ካለው ቆርቆሮ ቤት ሳጥኑን አወጡት። በላዩ የተኛበት አቧራ እንዳለ ነው። «አንድም ቀን አልከፈትሁት» አሉኝ። «አባትሽ አምጥቶ ሲሰጠኝ የሚወስደው ሰው እስኪመጣ አስቀምጥልሃለሁ ብዬው ነበር። እሱ ራሱን የምለው መስሎት ነበር። እኔ የጠበቅሁት አንቺን ነው። ሁለት ዓመት ብዙ ነው፣ ልጄ።» ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አሸከሙኝ። ከባድ ነው። ባጃጅ አልያዝሁም፤ ድልድዩን ተሻግሬ እስከ ቤት በእግሬ ሄድሁ። ባጃጆቹ «እህት፣ ወደየት?» ይሉኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመልሰው ክፉ ቃል አጣሁ።

አባቴ ሳጥኑን ከፍተው መሣሪያውን ሁሉ በዘይት ጨርቅ ወለወሉት። አሁን በራችን ላይ ሰው ይቆማል፤ ካቻቢቴውም ወደ ጆሯቸው ተመልሷል። ልብስ ሰፊዋን ፈልጌ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኋት፤ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ታዲያ ምን ላድርግልሽ?» አለችኝ። አባቴ ያናግሩኛል፤ ያስቁኛልም። አንዳንዴ ሞተር ሲያዳምጡ እጀታውን ወደ ጆሮዬ አዙረው «ምን ይልሻል?» ይሉኛል፤ የሰማሁትን ብቻ እናገራለሁ።

ቅዳሜ ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር እሄዳለሁ። እናቴ በመስኮት ታየናለች። «አባባ፣ ነገስ?» እላቸዋለሁ። እሳቸው ቸኩለው አይመልሱም፤ እንደ ሞተር ልባቸውን ያዳምጣሉ።

«ገና ነው ልጄ» ይሉኛል።

እናቴ የተተኮሰውን ነጭ ልብስ መልሳ ታጥፈዋለች።